ሁለት በርሜል

ሐይቅ ከተማችን የእሳት መኪና የላት፣
ደሴ ተደውሎ ነው ከዚያ የሚመጣላት፤
እስኪመጣ ድረስ፣ ሾፌሩ እስኪነሣ፣
ቁልፉን እስኪያስታውስ የት ጥሎት እንደረሳ፣
ቤት የሚያህል ነገር ዐመድ ሆኖ ያድራል፣
መኪናው ሲደርስም «ነፍስ ይማር» ብሎ ይዞራል።

ስለዚህ ሰኔ ላይ ቀበሌ ተጠራን፣
ወንበር ያልደረሰን ግድግዳ ተጋራን።
አንዱ ውሻ ይገዛ፣ አንዱ መብራት ይተከል፣
አንዱ ዘበኛ ይቀጠር፤ ደመወዙን ማን ይክፈል?
ሌላው «ካሜራ» ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ፣
መብራት ሲጠፋበት ምን ሊያይ ነው ከዚያ ኋላ።
በመጨረሻ ግን ጦይባ እንድሬ ተነሥታ
(ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ከመኪናዋ ጋር ነው ሌሊቱን የምታድር ነቅታ)
«ሰው አለን» አለች፣ «ፊሽካ አለን፣ በርሜል አለን፤
የሌለን ተራ ነው፤ ተራ ያዙ» አለችን።

ተራውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤
ጽሕፈቱ ያምራል ተብዬ፣ ሌላ ሙያም የለኝ።
ሌሊቱን በሦስት ከፍዬ መስመሩን በቀይ አሰመርኩ፣
እስከ ስድስት፣ እስከ ዘጠኝ፣ እስከ ንጋት ቆጠርኩ።
ፊሽካ አንዴ ሲነፋ «አለሁ» ነው ትርጉሙ፣
ሁለቴ «ሌባ ነው፣ ከየበሩ ቁሙ»፣
ሦስቴ «እሳት!»
ያኔ ባልዲ ያለው በባልዲ፣ የሌለው በጣሳ ይፍጠንበት።
ለአረፋ ሌሊት የነወልዴን ጻፍኩ፣ ለገና የነሙሄን፤
ያዘዘኝ የለም፤ ሲነበብም ማንም አልጠየቀኝ ይሄን።
በርሜሉ ከጣውላ ቤቱ ጥግ ተተከለ፣
ባልዲው በሰንሰለት ታሰረ፤ ጠባቂን የሚጠብቅ ማን አለ!
በየማክሰኞው በርሜሉን የሚሞላም መደብኩ፣
ስሙን ከሰንጠረዡ ግርጌ በትንሽ ፊደል ጻፍኩ።

ጥቅምት ነው። ብርዱ ከሐይቁ ተነሥቶ ጉልበት የሚነክስበት፣
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ የሙሄ ጎበና ተራ የገባበት።
ከአራጋው ይማም ጣውላ ቤት ቀይ ምላስ ሲወጣ አየ፤
ፊሽካውን ነፋ፤ ፉ! ትንፋሽ ብቻ ወጣ፣ ድምፁ ተለየ።
ፍሬዋ ወድቃለች። (ልጁ ነው ሲጫወትባት የዋለው።)
ሦስቴ ነፋ፣ ስድስቴ ነፋ፤ ለውሻ ጆሮ እንኳ ነፋስ ነው።
ከዚያ በዱላው በርሜሉን መታ፤
ጓ! አለ። ጓ! ጓ! ሐይቅ ከእንቅልፏ ተፈታ።
ባጃጆች ጀሪካን ጭነው፣ ሴት ከወንድ ቀድማ፣
የውዱ ማንቆርቆሪያው፣ የጸበሉ ጀሪካን እሳት ላይ ተስማማ።
ጣውላ ቤቱ ነደደ፤ የሚድን አልነበረም።
ግን ወደ ጦይባ ግድግዳ፣ ወደ መድኃኒት ቤቱ አልተሻገረም።
የደሴው መኪና ሲደርስ ነግቷል፤ ሾፌሩ ዙሪያውን አየ፣
«አብሽሩ» ብሎ ዐመዱን ረጨ፤ ውሃውም ከጭቃው አልተለየ።

እሑድ ተሰበሰብን። አራጋው፣ ቅንድቡ የተቃጠለ፣
«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ።
«በርሜል ሙሉ ከሆነ፣ ሲመቱት ድፍን ነው፤ አይጮኽም።
ያን ሌሊት ግን ጮኸ። ማን ነበር ተረኛው? እኔ አላውቅም።»

መዝገቡ እጄ ላይ ነበር። ገጹን ገለጥኩት ቀስ ብዬ፤
ከሰንጠረዡ ግርጌ፣ በትንሽ ፊደል፣ በቀዩ መስመር ተከልዬ፣
እኔ ነኝ።
ሦስት ማክሰኞ አልሞላሁም፤ ዝናብ ይሞላዋል መስሎኝ፣
በጥቅምት!
ስሜን ሳነበው እንደ ሙሄ ፊሽካ ትንፋሽ ብቻ ቀረኝ።

«ባዶ ስለሆነ ነው የነቃን» አለ አንዱ።
«ሙሉ ቢሆን ጣውላው ይተርፍ ነበር» አለ ሌላው፤
ክርክሩ እስከ ዙህር ዘለቀ፤ ሁለቱም እውነት ነበረው።
ቅጣቴ መቶ ብርና አዲስ ፊሽካ ሆነ፤ ከፈልኩ።
ለአራጋው ግን ምን እንደምከፍል እስካሁን አላወቅኩ።

አሁን በዚያ ጥግ ሁለት በርሜል አለ፤
አንዱ ሁልጊዜ የሚሞላ፣ አንዱ ባዶውን የተሰቀለ።
ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ጀሪካን ይዤ እሄዳለሁ፤
የሚሞላውን እሞላለሁ፣
ባዶውን በጣቴ ቆርቁሬ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ እሰማለሁ።